ባለቤት ያጣው ሳፋ

ዐሥራ ሁለት ነን፣ ኦውሉ ውስጥ፣ ከወንዙ ዳር፣
አንድ ጋራዥ የምንጋራ፣ ኪራይ የምናዋጣ በየወር።
መፍቻው ስም አለው፣ ጓንቱም ቱታውም፤
ይህ ሳፋ ግን የማንም አይደለም።
ከጠረጴዛው ሥር፣ በተቃጠለ ዘይት እስካፉ ሞልቶ፣
ሦስት ቀን ተቀመጠ ባለቤት አጥቶ።

ታኡኖ ወረቀት ለጠፈ፦ «ያስቀመጠው ያንሣ።»
ከሥሩ የፈረመ የለም።
እኔም አልፈረምሁም።
አንዱ «ማታ ወደ ቦዩ...» ብሎ ጀመረና
የወንዙን ድምፅ ሰማ መሰል፣
ዋጠው።

በአራተኛው ቀን ራይሊ መጣች፣
ሠላሳ ዓመት በመርከብ ሞተር ሆድ ውስጥ የኖረች።
እጅጌዋን ሰበሰበች፣
ሁለት ጣቷን ነከረች፣
አሸች፣ አሸተተች፣ ወደ አምፖሉ አስጠጋች።
ከጥቁሩ መሐል ግራጫ ነገር፣ እርጎ የመሰለ።

«ውሃ ገብቶበታል፤
ከደኅናው ጀሪካን እንዳትቀላቅሉት።
ደግሞ ባለቤቱን ስታገኙት
ጓርኒሲዮኑ ሄዷል በሉት፤
እንዲሁ ከነዳት፣ ሞተሯን ይቀብራል።»

የማንንም ፊት አላየችም።
በፈሰሰው ላይ ሰጋቱራ በተነች።

እኔ ግን መኪናዬን አሰብሁ፣ ያን ነጭ እንፋሎት፣
«ብርዱ ነው» እያልሁ ያለፍሁትን ጠዋት ጠዋት።
ጎረቤት ያልጠረጠረኝን፣
ሳፋው አሳበቀብኝ።

«የኔ ነው» አልሁ፣
ለራሴም በጭንቅ እየተሰማኝ።
መጥረጊያውን ሰጠችኝ።
«መጀመሪያ ወለሉን። ሞተሩን ነገ እናያለን።»

ቅዳሜ፣ መኪናዬ ቆማ፣
በበረዶው ላይ በብስክሌት ወደ ማስረከቢያው ወሰድሁት፣
ክዳኑን ሁለቴ አጥብቄ፣
ስሜን በትልቁ ጽፌበት።