ሐዲድ አድማጭ

አባቴ ዩያ፣ በምድር ባቡር ዘመን፣
መዶሻ ይዞ ከድሬ እስከ ሽንሌ
ሐዲድ እየመታ ስንጥቅ ያዳምጥ ነበር።
"ይኼ ደህና ነው" ይልና ያልፋል።

ሰባት ዓመት ነዒማን መሐን አሏት።
እኔም ዝም አልኩ፤
ሰው ሲጠይቅ ደቻቱን አያለሁ፣ ደረቁን አሸዋ።

ዛሬ ሐኪሟ በብዕሯ ጫፍ አሳየችኝ፦
"ዋይ" ላይ ቁራሽ ጎድሏል።
ዋይ ስትል ለቅሶ መሰለኝ፤
ለካ ፊደል ነው፣
ከአባት ለወንድ ልጅ የሚወርድ።

አንድ ለእናቱ ሲሉኝ
ምርቃት ይመስለኝ ነበር።

"በሕክምና ወንድ ከወለድክ ይወርሰዋል፤
ሴት ከሆነች መስመሩ እዚያ ያበቃል።"

አባዬ፣ ይኼን ስንጥቅ
በምን መዶሻ ትሰማው ነበር?

ማታ ነዒማ ጆሮዋን ደረቴ ላይ ጣለች፣
መሐን የተባለችው እሷ።
ቆይታ "ደህና ነው" አለች።
አላለፈችም ግን።