መሪን እጅ መንሣት

እሑድ ማለዳ ነው። ግድቡ ላይ ደረስን፣
የፖን ወንዝ ጭጋግ እስካንገት ለበስን፤
አሥራ አንድ ብስክሌት፣ ልክ እንደ አንድ ገላ፣
ከጎማ እስከ ጎማ ስንዝር የማይሞላ።

ከፊት ኔቪዮ አለ፣ ሰባ አራት ዓመቱ፣
በስኳር ፋብሪካ ያለቀ ጉልበቱ፤
ድንጋይ ሲያይ በጣት፣ ጉድጓድ ሲያይ በመዳፍ፣
ዳሌው ላይ መታ አርጎ ያሳየናል ሳያልፍ።
ያየ ለኋለኛው፣ እሱም ለኋለኛው፣
መልእክቱ ይወርዳል እስከ አሥራ አንደኛው።
በኛ ዘንድ ምላስ ነው፣ እጅ አይደለም እጅ፤
ነፋስ ቃል ሲበላ ጣት ነው የሚያውጅ።

ሕጉ አልተጻፈም። ኔቪዮ ነው ሕጉ።
ውሃ መሳቢያው ጋ፣ ጠርሙስ እየሞላ፣ እንዲህ ይላል ወጉ፦
«ጃኬት ማውለቅ ያማረህ፣ ሙዝ መላጥ ያሰኘህ፣
መጀመሪያ ውጣ። ሁሉን አሳልፈህ ጅራት ላይ ተገኝ።
ዞር በልና እይ። ማንም ከሌለ፣ መንገዱ ካልጎበጠ፣
ነፋስም ከጎን ካልመጣ፣
ያን ጊዜ ልቀቀው። ክንድህን ዘርጋ፣ ደስ ይበልህ፤
ብትወድቅም የምትወድቀው አንተ ብቻ ነህ።
መሃላችን ግን አይሆንም። ከኋላህ ያለው ሰው
መንገዱን አያይም፤ አንተን ነው ያመነው።»

ሎሪስ አሥራ ዘጠኝ ነው። እኛ የሰማ መስሎን።
ሚያዝያ መጨረሻ፣ ጭጋጉ ተገፎ ፀሐይ ስትጠብሰን፣
ከሰልፉ አራተኛ፣ ፊትና ኋላው ሰው፣
ቃል ሳይተነፍስ መሪውን ለቀቀው።
ጃኬቱን ጎተተ። አንዱ እጅጌ ወጣ፤
ሌላው እምቢ አለ፣
ክንዱን እንደ ተያዘ ሌባ ወደ ኋላ ጠመዘዘው።
ያኔ ነው ኔቪዮ ጉድጓድ ያየ።
መዳፉ ዳሌው ላይ። ኤጂስቶ ተቀበለ። ኦርኔላም ተቀበለች።
ሎሪስ ጋ ሲደርስ
መልእክቱ እጅ አጣ።

እሱ አልወደቀም፤ የሚገርመው ይሄ ነው።
ተወላገደ፣ ቀና አለ፣ ዳነ።
የወደቀችው ዛይራ ናት፣ ባለ ፋርማሲዋ፣
የሰፈሩ ሳል ሁሉ በእጇ የሚያልፍ።
የትከሻዋ አጥንት ሲሰበር ሰማሁት፤
ደረቅ እንጨት አይመስልም። እንደ ብስኩት ነው።

ማንም አልተቆጣ። አምቡላንሱ ሲሄድ
ኔቪዮ ብስክሌቷን አንሥቶ ለሎሪስ ሰጠው።
«ቤቷ አድርስ።» ያለው ይህን ብቻ ነው።
ዘጠኝ ኪሎ ሜትር በእግሩ፣
በቀኙ የሷን መሪ፣ በግራው የራሱን፣
አፍንጫውን የሚያብስበት እጅ ሳይተርፈው ሄደ።

ሰኔ ላይ ተመለሰች። ክንዷ ግን ወደ ኋላ አልዞር አለ፤
የጀርባ ኪሷ ውስጥ ያለው አፕሪኮት ሩቅ አገር ሆነባት።
ሎሪስ ከጎኗ መጣ። «ላውጣልሽ?» አለ፣ መጀመሪያ።
ቆየ፣ እሺ እስክትለው።
አንድ እጁ መሪው ላይ፣ አንድ እጁ ኪሷ ውስጥ፤
ፍሬውን መዳፏ ላይ አኖረው።
በላች። ፍሬው ውስጥ ያለውን ድንጋይ
ሰው በሌለበት በኩል፣ በቆሎው ውስጥ ተፋችው።

ከድልድዩ ወዲያ መንገዱ ቀጥ ይላል።
ሎሪስ ወደ ዳር ወጣ፤ ቀስ ብሎ፣ አንድ በአንድ፣ ሁላችንን አሳለፈ፤
ጅራት ላይ ቀረ።
ዞሬ አየሁት። በሰልፍ ውስጥ ዞሮ ማየት ነውር ነው፣
ኔቪዮ እንዳይሰማ።
ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፣ ሁለት እጁ ባዶ፣ ነፋሱ ደረቱ ላይ፣
ፊት ለፊቱ እኛ፣ ከኋላው ማንም።

ሚያዝያ ላይ መሪውን እጅ ነሣው።
ሰኔ ላይም እጅ ነሣው።
ቃሉ ያው አንድ ነው፤
ቦታው ነው የተለየው።