ቀስ

ከግቡ ጀርባ ነው የእኔ የሥራ ቦታ፣
የሳተ ኳስ ለቃሚ፣ ሐሙስ ሐሙስ ማታ።

ኤድመንተን ሚያዝያ ነው። በረዶው ጠቋቁሮ
ከመኪና ማቆሚያው ጥግ ቆሟል ተከምሮ፣
ልክ እንደ ኩርፈኛ፣ ሂድ ቢሉት የማይሄድ።
እኔም ወራቱን ሁሉ ሌሊት ስጠርግ አድሬ መንገድ
እዚህ ነው የማርፈው፤ አሥራ አንድ ዓመት ያልሞላቸው
አሥራ አራት ሴት ልጆች፣ ኳስ በየእግራቸው።

ኖላዊት ትመጣለች። ትንደረደራለች።
ዓይኗን ጨፍና፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ትለጋለች።
ኳሷ አግዳሚውን አልፋ፣ አጥሩንም ወደ ላይ፣
ውሻ ታስጮሃለች ጎረቤት ጓሮ ላይ።
«ምን ዓይነት ጉልበት ነው!» ይላል አባቷ ከዳር።
ጉልበቱስ ጉልበት ነው፤ ግብ ቢሆን ጥሩ ነበር።
አውቃለሁ፤ ጉልበት አንዳንዴ የፍርሃት ልጅ ነው፣
ቶሎ ይለፍልኝ ብሎ ሰው ያለውን የሚወረውረው።

ጠራኋት። ተንበረከክሁ። «ስሚኝ የኔ እመቤት፣
ኳስም እንደ ግጥም ነው፤ ካልመታ ቤት
ጩኸት ብቻ ነው።
የቆመችው እግርሽ ከኳሷ ጎን ትተከል፣
ቁርጭምጭሚትሽ ይጥና፣ ደረትሽ ወደ ፊት ዘንበል፤
ከመምታትሽ በፊት ግን ቀና በዪና እዪ፣
ጉርሊን የት ቆመች? የቱን ጥግ ተወች? ለዪ።
ከዚያ ለመረቡ አቀብያት እንጂ አትደብድቢያት። ቀስ።»
ኦክሳና አፍንጫዋን ጠረገች፤ «ምን ማለት ነው ‹ቀስ›?»

እንግሊዝኛ ነበር ምክሩ፤ ያቺ አንዲት ቃል አመለጠች።
ኖላዊት ትንሽ አሰበችና ተረጎመች፦
«መቸኮል ሲያምርሽ የማትቸኩዪው ነገር።»
እኔ ራሴ እንዲህ አስረድቼ አላውቅም ነበር።

የሥራ ሰደርያዬን ከግቡ ታችኛ ጥግ አሰርሁ፣
እሷን ለነካች ልጅ አንድ ብርቱካን ቀጠርሁ።
የመጀመሪያው ሐሙስ ብርቱካኑን ሁሉ ራሴ በላሁ።
በአራተኛው ባዶ ከረጢት ይዤ ወጣሁ።
የኦክሳና እናት መኪናዋን ወደ ኋላ ስትነዳ
«ቀስ፣ ማማ!» ስትል ሰማኋት ልጅቷን፣ በዚያ አንሸራታች ሜዳ።

ቅዳሜ፣ ከሸርውድ ፓርክ ጋር፤ አንድ ለአንድ ነን።
ሦስት ደቂቃ ቢቀር ነው፤ ነፋሱ ይገርፋል ጉንጫችንን።
ኖላዊት ብቻዋን ወጣች። በረኛዋ መጣችባት።
እኔ፣ የ‹ቀስ› አባት፣
ያን ሁሉ ሐሙስ የለፈለፍሁት ሰው፣
«ምቺ!» ብዬ ጮኽሁ፣ ጉሮሮዬ እስኪበጠስ፣ «ምቺያት!»

አልሰማችኝም። ወይም ሰምታ ተወችኝ።
አንዲት ንክኪ ጨመረች። ነፍሴ ወጥታ ጠበቀችኝ።
በረኛዋ ቀድማ ወደቀች፤ ጥጉ ባዶ ቀረ፤
ኳሷ ተራምዳ ገባች፤ መረቡ በቅጡ እንኳ አልተወጠረ።

ከእቅፍ ስትላቀቅ በፊቴ አለፈች፣ ቀይ አፍንጫ፤
«ኮች፣ ‹ምቺ› አልከኝ አይደል?» ጥያቄ አይደለም፤ ፍጥጫ።
መልስ አልነበረኝም። ከኪሴ አንዲት ብርቱካን ሰጠኋት፤
ግማሹን ለጉርሊን ከፍላ፣ ከነጓንቷ አጎረሰቻት።

ሐሙስ ማታ ከግቡ ጀርባ ቆምሁ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ።
የሚለቀመው ኳስ ጥቂት ነው።
በረደኝ፣ ሥራ ፈትቼ።