ፊቷን ያዞረች ቢ

ከሳማር ደሴት ዳር፣ ግድግዳው ቀርከሃ፣
ጣራው ሲያፈስበት ባልዲ ሙሉ ውሃ፣
አንዲት ክፍል አለች፤ አስተማሪዋ እኔ።
ሃያ ሁለት ሕፃን፣ አርባ አራት እጅ በዓይኔ
ስቆጥር እውላለሁ፦ ማን አሸዋ ቃመ፣ ማን ሾልኮ ሄደ ከጎኔ።

ጠዋት እርሳስ የለም።
ጠዋት ሊጥ ነው ያለን፣ ከሩዝ ዱቄት የቦካ፣
በመዳፍ የሚዳጥ፣ በአውራ ጣት የሚለካ።
ድብልብሉን ስበን እባብ እናደርጋለን፤
እባቡን ጠምዝዘን «ኤስ መጣች» እንላለን።
የልብስ መቆንጠጫ በሁለት ጣት ከፍተን
ወረቀት እንሰቅላለን፣ ከዛጎሎቹ ጎን፣ ገመዱን ወጥረን።
መቀስ የያዘ ልጅ ምላሱ ይወጣል ካፉ፤
ወረቀት ሲቆረጥ እሱም አብሮ ነው ማለፉ።

ሊጋያ ግን፣ የኤፍሬን ልጅ፣ የመረብ ሠሪው፣
እርሳስን እንደ መቅዘፊያ ጨብጣ በአምስት ጣቷ
ወረቀቱን በስታ ታልፋለች፤
ያኔ ከጠረጴዛው ጋር ይጀመራል ሙግቷ።

አንድ ሰኞ አባቷ መጣ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣
ፊቱ ዝናብ ያረገዘ ሰማይ፣ ድምፁ ግን በትሕትና ታግዞ፦
«መምህርት ሮዌና፣ ዓሣ ሽጬ ነው የከፈልኩ፤
ፊደል ትለያለች ብዬ፣ እንግሊዝኛ ይገባታል ብዬ የላኩ።
የጎረቤቴ ልጅ እስከ ዜድ ጽፋ ጨርሳለች፤
የኔዋ ሊጥ ስታድበለብል ውላ፣ ሊጥ ለብሳ ትመጣለች።
ጨዋታውስ ቤትም አለ፤ ጭቃም ሞልቷል ደጃችን፤
ነገ መርከብ ላይ ስትቀጠር ሊጥ ነው ወይ ማስረጃችን?»

መልስ አልነበረኝም። ወይም ነበረኝ፣ ረዝሞ፣
የሠለጠንኩበት ቃል፣ ከባድ፣ በጥራዝ ታትሞ።
ይልቅ ከኪሱ ያጮለቀች የክር ጥቅል አየሁና
«እስቲ አንድ ቋጠሮ ሥራልኝ» አልኩት፣ «ቀስ በልና።»
ሠራ። እጁን አላየም። ዓይኑ እኔ ላይ እንዳለ
ክሩ ዞሮ፣ ገብቶ፣ ወጥቶ፣ ጥብቅ ቋጠሮ አበቀለ።
«አሁን ደግሞ አስተምረኝ፤ በቃል ብቻ ንገረኝ» ብለው
አፉን ከፈተ፤ ዘጋ። ቃሉ ከጣቱ ጋር ነው።
«ስንት ዓመት ፈጀብህ?» አልኩት። «እኔ እንጃ፤ ትንሽ ሆኜ
አባቴ ገመድ ሲገምድ ጫፉን እይዝለት ነበር፣ ጨዋታ ነው ብዬ አምኜ።»

እና ዝም አለ።
እኔም ዝም አልኩ። ውጭ ዶሮ ጮኸ። ሊጡ ደረቀ።
ኮፍያውን አጠለቀ፣
ለሕፃን በተሠራው በር ጎንበስ ብሎ ወጥቶ ራቀ።

ሐሙስ ተመለሰ፤ በጆንያ ቁርጥራጭ መረብ፣
ከቀርከሃ የተቀረጸ፣ ጫፉ የደነዘ ወስፌ፣ ለመጥለፍና ለመሳብ።
«ለልጆቹ ነው» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።
ይቅርታም አልነበረም፤ ምስጋናም አልነበረም።

ዝናቡ መጣ፤ ጣራው አፈሰሰ፤ ባልዲው ሞላ።
ሊጋያ መረቡን ጠለፈች፣ ፈታች፣ ጀመረች ደግሞ ሌላ።
እርሳሱም ከጭብጧ ወርዶ፣ ማንም «ውረድ» ሳይለው፣
በሦስት ጣት መካከል ተቀመጠ፣ ቤቱን እንዳገኘ ሰው።

አንድ ቀን፣ ሳልጠይቃት፣ ወረቀት አመጣችልኝ።
«ቢ ናት። 'ቦት' በቢ ነው፤ የኛም 'ባንካ' በቢ ነው» አለችኝ።
ሁለቱም ጀልባ ናቸው፤ ገባኝ።
ሁለቱ ሆዶቿ ወደ ግራ፣ ቀጥ ያለ ጀርባዋ ወደ ቀኝ፣
ፊቷን ከመስመሩ አዙራ
መስኮቱን፣ ባሕሩን ታያለች፣ እንደተሰናበተችኝ።

ቀይ እስክሪብቶ አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኳት።
ነገ ትዞራለች። ዛሬ እንደሆነች እንዲሁ በመቆንጠጫ ሰቀልኳት።

ማታ ኤፍሬን ልጁን ሊወስድ ጎንበስ ብሎ ገባ፤
ረጅም ጊዜ አያት።
«ነፋሱን አውቃለች» አለ፣ «ይህች ጀልባ።»