አንድ እግር ቦቲ

በቺሊ ግርጌ፣ ቺሎኤ ላይ፣ ቤት ይሄዳል በእግሩ፤
በሬ ይስበዋል፣ ይገፋዋል አገሩ።

የባልቴቷ የሄርሚኒያ ቤት ሲነሳ ከስፍራ
ገመድ ይዛ ነበር ኦቪዲያ በተራ።
ኤላዲዮ ከኋላ ሲገፋ በትከሻው
ያንድ እግሩን ቦቲ ጭቃ ዋጠው፤ ጠፋ መድረሻው።
ሳቀች። እሱም ሳቀ፣ ባንድ እግሩ እየዘለለ፤
«ባሕር ይመልሰዋል» — ሌላ ቃል አላለ።

ከዚያማ ሦስት ክረምት፤ እሱ በዓሣ እርባታ፣
እሷ ድንች ስትተክል፣ የተቋጠረ መረብ ስትፈታ።
አንዴ በምድጃ ቦታ ተጣልተው ሰባት ሳምንት ዝም!
(ደብዳቤ ያመላለስኩ እኔ ነኝ፤ ጀልባ ምሥጢር አያወጣም።)
አባቷም ነበሩ፦ «ልጄን አልሰጥም ቤት ለሌለው!»
«ቤትስ አለኝ» አለ፣ «ግን ወዲያ ማዶ ነው።»

ማዶውን አመጣነዋ!
በሠርጋቸው ማለዳ፣ ባሕሩ ሲሞላ፣
ጀልባዬ ከፊት፣ ቤቱ ተንሳፍፎ ከኋላ፣
አንዲት የባሕር ወፍ ጣራው ላይ ተሳፍራ፤
ቄሱ ሰዓት ያያሉ፤ ውሃ ቄስ አይፈራ።
ዘገየን። ሙሽራዋ ራሷ ገመድ ሳበች፣
ነጭ ቀሚሷን እስከ ወገብ ጭቃ አለበሰች።

ቤቱ መሬት ሲነካ፣ ከቅርጫት አውጥታ
ደፉ ላይ አኖረችው፣ ቀስ ብላ፣ በእርጋታ።
ያ ቦቲ! በነጋታው፣ ባሕሩ ሲሸሽ አግኝታው፣
ሦስት ዓመት መስኮቷ ሥር፣ አፈር ሞልታው።
ድንች አብቅሏል። ኤላዲዮ አጎንብሶ ቅጠሉን ነካ፤
እሱም ጥንዱን ደብቆ አኑሮት ኖሯል ለካ።

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ውሃው መሸሽ ጀመረ፤
ጀልባዬን ላድን ስሮጥ፣ ቡራኬው ሳልሰማው ቀረ።