ታጥቦ ውሃ

ከባርሴሎና በባቡር ሁለት ሰዓት ነው፣ ሞንትሬላ።
ደመና ሲያልፍብን እንጂ ሲያርፍብን አላየንም፣
ይኸው ሦስት ዓመት።
ግድቡ ጎድሎ ጎድሎ፣ ከሆዱ ብቅ አለ ድልድይ፣
የቅድመ አያቶቻችን በቅሎ የረገጠችው ድንጋይ።
ያን ሰሞን ማዘጋጃ ቤት ወረቀት ለጠፈ፣
ዳቦ ቤቱ በር ላይ፣ በቀይ የተጻፈ፦

መኪና በጎማ ማጠብ ክልክል ነው።
ገንዳ መሙላት ክልክል ነው።
አትክልት በቧንቧ ውሃ ማጠጣት ክልክል ነው።
ለአንድ ሰው፣ በቀን፣ መቶ ስልሳ ሊትር።

ሌሊት የጎማ ፉጨት የሰማ ጎረቤት
በማለዳ ይደውላል ማዘጋጃ ቤት።
ግቢው የለመለመ ታማ፤
የደረቀበት ኮራ።

እኔ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ፤
ስንበረከክ ያየ ጸሎት የማደርስ ይመስለዋል።
የብረት ክዳን ገልጬ፣ አቧራውን በአውራ ጣቴ ጠርጌ፣
የሰፈሩን ጥማት በቁጥር አነባለሁ፤
ማን እንግዳ እንዳደረበት፣ ማን እንደታመመ አውቃለሁ።
ባለመድኃኒት ቤቱን ሚስቱ ጥላው ስትሄድ
ከእናቱ በፊት ያወቅሁ እኔ ነኝ፣
ቁጥሩ በአንድ ወር ውስጥ በግማሽ ሲወርድ።

በሰኔ መጨረሻ ሐምራዊ ቧንቧ
ከወንዙ ማዶ መጣ፣ እስከ አደባባዩ ገባ።
ከገላችን የወረደው፣ ከሳህናችን የታጠበው፣
ስሙን የማንጠራው ሁሉ፣ ማጣሪያው የሰበሰበው፣
በአሸዋ ተጣርቶ፣ በብርሃን ተፈውሶ፣
ተመለሰ፣ እንደ ኮብላይ ልጅ ቤቱን አስታውሶ፣
"ለአትክልትና ለመንገድ። አይጠጣም" የሚል ሰሌዳ
አንገቱ ላይ ታስሮለት።

ማን ይንካው? ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል።
ሥጋ ሻጩ ኦሌገር በሩ ላይ ቆሞ ይስቃል፦
"ውሃ እድፍ ያጥባል፤
ውሃ ራሱ ሲያድፍስ በምን ይታጠባል?
ታጥቦ ጭቃ ነው፣ ታጥቦ ጭቃ!"
አሥር ቀን ቧንቧው ብቻውን ቆመ። ቲማቲሙ ጠወለገ፣
የትምህርት ቤቱ ሾላ ቅጠሉን አረገፈ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ወይዘሮ ረሜይ መጡ፣
በገበያ ጋሪያቸው ሁለት ባልዲ ጭነው።
ያ ማጣሪያ ጣቢያ የባላቸው የፈርሚ ነው፤
ማለቴ፣ ሠላሳ አራት ዓመት የሠራበት።
ቅዳሜ ማታ ቡና ቤት ሲመጣ፣
ሁለቴ በሳሙና ታጥቦ፣ ፀጉሩ ገና እርጥብ፣
ወንበሮች ፈቀቅ ይሉ ነበር።
ክፉ ቃል የተናገረው የለም። ወንበሮች ብቻ።
አንዱ ወንበር የኔ ነበር።

ረሜይ ቧንቧውን ከፈቱ። ውሃውን በመዳፋቸው ነኩት፤
ባልዲው ሲሞላ፣ ጠብታ ሳያባክኑ ዘጉት።
ቀና ብለው እኛን አዩ፦
"የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ትላላችሁ፤
ፈርሚ ዕድሜውን ሙሉ ምን ሲሠራ መሰላችሁ?"
ጋሪው ሲጢጥ ሲጢጥ እያለ ዳገቱን ወጣ።

በማግስቱ ኦሌገር ባልዲ ይዞ መጣ፣ መሬት መሬቱን እያየ።
ከኋላው ባለመድኃኒት ቤቱ።
ከዚያ እኔ፣ አትክልት እንኳ የሌለኝ።

በጥቅምት የረሜይን ክዳን ስገልጥ
ከቆጣሪው ጎን አንድ ሎሚ ተቀምጧል።
ዙሪያዬን ቃኘሁ፤ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት፣
እንከን እንደሚፈልግ ሰው ደጋግሜ አሸተትኩት።
ሎሚ ነው። ሎሚ ሎሚ ይሸታል።
ቁጥሩን ጻፍኩ፤ ከመንደሩ ሁሉ ትንሹን።

ማታ ቡና ቤት ገብቼ ያን ወንበር ፈለግኩት፣
ወደ ነበረበት ልመልሰው።
ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው።
የትኛው እንደነበር ጠፋብኝ።