ጠማማ አንባቢ

በታንደር ቤይ፣ በየካቲት፣ ሐይቁ እንደ ሲሚንቶ ደርቆ፣
ጎረቤቴ ሬይኖ መጣ፣ አንዲት ፍሎፒ ዲስክ ጓንቱ ውስጥ ደብቆ።
«የሄልቪ ናት» አለና ዝም።
ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ንግግሩ ከዚህ አይረዝም።

ምድር ቤት ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከየቦታው ለቃቅሜ
የምገጥመው አሮጌ ኮምፒውተር አለ፣ ክረምቱን ሙሉ ደክሜ፤
ሳጥኑን ከትምህርት ቤት ጨረታ፣ ሰሌዳውን ከዱሉት ገዝቼ፣
የፍሎፒ ድራይቩን ከአንድ የተዘጋ የጥርስ ሐኪም ቤት አምጥቼ።

ስከፍተው አረንጓዴዋ መብራት በራች፤ አልጠፋም አለች፤
እንግዳ አይታ እንደማትተኛ ውሻ አፍጥጣ ቀረች።
ይህን አውቀዋለሁ፤ ገመዱ ተገልብጦ ነው የተሰካው፣
ቀዩ መስመር ከአንደኛው እግር ጋር ነው የሚገባው።
ገለበጥኩት። ጠፋች። ደስታዬ ግን አልዘለቀም፤
ማሽኑ «ድራይቭ የለም» አለኝ፤ ልፋቴን አላወቀም።
ገመዱ መሐሉ ላይ ሰባት ሽቦ ተጠምዝዞበታል፣
ከጥምዙ ማዶ የተሰካ «ኤ»፣ ወዲህ ያለው «ቢ» ይባላል፤
እኔ ወዲህ አስቀምጬ ማዶ ስጠራው ነበር ለካ።
ወደ ጫፉ አዛወርኩት፤ ሞተሩ አጉረመረመ፣ ተንኳኳ።

የድሮ ቅባቱ እንደ ብርድ ማር ረግቷል፤ በአልኮል ጠርጌ፣
ጭንቅላቱን በጥጥ አሽቼ፣ አንድ ጠብታ ዘይት አድርጌ፣
የራሴን ዲስኮች አጎረስኩት፤ ሁሉንም አነበበ።
የሄልቪን ስሰጠው ግን ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፤ ተንተባተበ።

«ተበላሽታለች?» አለ ሬይኖ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ፣
ኮፍያውን ሳያወልቅ፣ መብራቷ ላይ አፍጥጦ።
ሦስት ማታ እንዲህ ሆነ።
ገመድ ቀየርኩ። ቮልቱን ለካሁ፤ አምስቱም አሥራ ሁለቱም ልክ ነው።
ዲስኳን በማጉያ አየሁ፤ ሻጋታ የለ፣ ጭረት የለ።
አራተኛው ማታ፣ ጥርሴን ስቦርሽ፣ ድንገት ገባኝ፦

ዲስኳ ጤነኛ ናት። የኔም ድራይቭ ጤነኛ ነው።
የታመመው የጻፋት ነው፣ ያ ሬይኖ ድሮ ለቆሻሻ መኪና የሰጠው።
ጭንቅላቱ ከመንገዱ በፀጉር ስንጣቂ ሸርተት ብሎ፣
መስመር ከመስመር መሐል ሲጽፍ ኖሯል፣ ልክ የያዘ መስሎ።
የጻፈውን ራሱ ሲያነብ ስሕተት ከስሕተት ይገጥማል፤
ሄልቪም አላወቀችም። እንዴትስ ይታወቃል?

እንግዲህ ለዚች ዲስክ ቀና አንባቢ ዕውር ነው።
የሞተሩን ሁለት ብሎኖች አላላሁ፤
ያን ያህል ደክሜ ያዳንኩትን በጣቴ አጣመምኩ።
በጥፍር ጫፍ ወደ ግራ፤ ቀጭ። ወደ ቀኝ፤ ቀጭ። ጥቂት መለስ፤
ሬይኖ ትንፋሹን ዋጠ፤ እኔም ቀስ፣ ደግሞ ቀስ፤
ከዚያ ድምፁ ተቀየረ፤ ጉሮሮውን ጠርጎ ወሬ እንደሚጀምር ሰው
የያዘውን ፊደል በፊደል ስክሪኑ ላይ አፈሰሰው።

ደብዳቤ ጠብቄ ነበር፣ ኑዛዜ፣ ምናልባት ግጥም።
ዝርዝር ነበር፤ ማን ምን ተዋሰ፣ ማን እስካሁን አልመለሰም።
«መሰላል፦ ቶይቮ። በሳምንቱ አመጣለሁ ብሏል፤ ውሸታም ነው።
የኬክ መጋገሪያ፦ ኮስኪዎች። ይቅርባቸው፣ አስቀያሚ ነው።
ድሪል፦ የሬይኖ ወንድም። ለሬይኖ እንዳይነገር!
የበረዶ አካፋ፣ ሰማያዊ እጀታ፦ ቁጥር አሥራ ስምንት።»

«ድሪሉን ሌባ ወሰደው ብዬ ለፖሊስ አመልክቼ ነበር» አለና
ሳቀ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ፤ ከዚያ ኮፍያውን አወለቀና
ፊቱን ሸፈነበት።

እኔ የመጨረሻው መስመር ላይ ቆሜያለሁ።
ቁጥር አሥራ ስምንት የኔ ቤት ነው።
ስገዛው ጋራዡ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ያገኘሁት
አካፋ አለ፣ ስድስት ክረምት ደጄን የጠረግሁበት።
ምንም ሳልል ወጥቼ አመጣሁለት።
ሰማያዊውን እጀታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤
«ዘግይተሃል» አለኝ። ትከሻው ላይ አድርጎት መንገዱን ተሻገረ።

ድራይቩን አላቀናሁትም። ብሎኖቹን እዚያው እንዳለ አጠበቅኩ፤
ለራሴ ዲስኮች ሌላ አዘዝኩ።
ዛሬ ሲነጋ በረዶው እስከ በሩ እጀታ ደርሷል፤
አካፋ የለኝም።